ከሃያው ሙከራ ሦስቱ

ውድ እትዬ፣

ሁለት ጊዜ ደውዬልዎት ሳያነሱት ዘጋሁት። እንኳን ዓይንዎን ለማየት፣ ድምፅዎን ለመስማትም ወኔ አጣሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

የፋብሪካችን የሮቦት ክንዶች በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚሠሩ የተወሰነበትን ስብሰባ አይረሱትም። እርስዎ ዘጠኝ ዓመት የለፉበት ሶፍትዌር ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ፣ ለመማር ግን ወራት የሚፈጅ ነበር። እኔን እንኳ ስንት ጊዜ፣ «ከሮቦትና ከሕፃን ልጅ ዓይን አይነቀልም!» እያሉ ተቆጥተው አስተማሩኝ። ሻጮች ያመጡልን አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ቀላል ነው፤ በሳምንት ሥራ ያስጀምራል። ውስጡ ግን ዝግ ነው፤ ስህተት ቢኖረው ገብቶ ማየት አይቻልም።

ሁለታችን ቀድመን ሞከርነው። የመጥረጊያ እንጨት ላይ ጓንት አጥልቀው ወደ ክንዱ ሲያስጠጉ፣ በእርስዎ ሶፍትዌር ሃያውንም ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። በአዲሱ አሥራ ሰባቴ ቆመ፤ ሦስቴ ዘግይቶ እንጨቱን መታው። በመጨረሻው ሰበረው።

«ይሄ የሰው እጅ ቢሆንስ?» አሉኝ።

«በስብሰባው እናገራለሁ፣ እትዬ» አልኩ።

በስብሰባው ዋዜማ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ «አዲሱን ከገዛን ክፍሉን የምትመራው አንተ ነህ» አለኝ። በማግስቱ እርስዎ ሦስቱን ሙከራዎች አስረድተው ወደ እኔ ዞሩ፤ «እሱም በዓይኑ አይቷል» አሉ። እኔም፣ «የእንጨቱ አያያዝ ሊሆን ይችላል» አልኩ። መነጽርዎን አውልቀው አዩኝ፤ ወረቀትዎን ሰብስበው ወጡ። አዲሱ ተገዛ፣ እኔም ተሾምኩ፤ እርስዎ በወሩ ሥራውን ለቀቁ። በሽኝትዎ ቀን ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። ውሸቴን ነበር።

ጠርሙስ የምታሽገዋን፣ ሳቂታ የምንላትን ልጅ ያውቋታል። ባለፈው ወር የወደቀ ጠርሙስ ልታነሣ እጇን ሰደደች። ክንዱ አልቆመም። ሁለት ጣቶቿን አጣች። ሆስፒታል ስሄድ እናቷ ያደረግኩትን ስላላወቁ፣ «አለቃ ሆነህ ልትጠይቃት መጣህ? ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ ደግሞ የፋብሪካው አለቆች ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ሊያላክኩ ተነሡ። «ከድሮው ሶፍትዌር የቀረ ስህተት ነው» የሚል ሪፖርት ለፊርማ መጣልኝ። ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሳደርኩት። አልዋሽዎትም፤ እስክሪብቶ ያነሣሁበት ጊዜ ነበር። በአራተኛው ቀን የሙከራውን መዝገብ ይዤ አደጋውን የሚያጣሩት መርማሪዎች ዘንድ ሄድኩ፤ በስብሰባው ያልኩትንም በገዛ አፌ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልክ?» አለኝ አንደኛው።

«ሹመት ፈልጌ» አልኩት። ጻፈው።

አሁን ከሥራ ታግጄ ቤት ተቀምጫለሁ። ስምዎ ከሪፖርቱ ተሰርዟል። የሳቂታን ጣቶች ግን የሚመልስ የለም፤ ይህንን ይዤ አነጋለሁ፣ ይዤው አመሻለሁ።

መርማሪዎቹ ለምስክርነት ይጠሩዎታል። ሆድዎን አውቀዋለሁ፤ «ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ነው» ሊሉልኝ ይችላሉ። እባክዎ አይበሉ። ያዩትን አንድም ሳያስቀሩ ይናገሩ።

ያሳፈርኩዎት ተማሪዎ