ከጥርሴ በስተቀር ደህና ነኝ

ለምትናፍቂኝ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽና ከጥርሴ በስተቀር ደህና ነኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ጥርሴን ማስተካከል ጀመርኩ ብልሽ መቼም ትስቂብኛለሽ። ሽቦውን ትቼ፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለውን፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን ፕላስቲክ መረጥኩ። ሐኪሟ «አይዞሽ፣ ማንም አያውቅብሽም» ብላኝ ነበር። ውሸቷን ነው! ፀጉር ቤት የሚመጡት ደንበኞቼ ሁሉ በመስታወቱ አዩብኝ። የጎረቤቴ ሕፃን እንኳ «አፍሽ ያበራል» ብላ ጣቷን ልትከትብኝ ነበር።

ባለቤቴ ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ያመሻል። ስበላ ማውለቅ ስላለብኝ፣ እፊቱ አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ትናንት ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ጨው አነሳ።

ያቺ የተደረበች ጥርሴ ትዝ ትልሻለች? ሲያጨኝ «እሷን አይቼ ነው የወደድኩሽ» ያለኝ? ክረምቱ ሳይወጣ ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈች። አሁን ስስቅ ደንበኞቼ «ሌላ ሰው መሰልሽ» ይሉኛል።

እሱም ሰላም ብሎሻል። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ደግሞ አደራ፣ ስትደውዪለት እንደ ቀልድ አድርገሽ «የሚስትህ ጥርስ እንዴት ሆነ?» በይልኝ። እኔ እንደነገርኩሽ ግን እንዳትነግሪው።

ታናሽሽ