ክር የሞረደው ጥርስ

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ መንገድህ ይቅና፤ ከክፉ ይሰውርህ። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል። አንተም ቁርስ ሳትበላ አትውጣ።

እህትህን ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ተቀበሏት፤ ከደስታዬ ብዛት የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ጎረቤታችን «በዚህ ውጤት የልብ ሐኪም አትሆኚም?» ብትላት፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እናቴ ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ። ክር በጥርሷ ስትበጥስ ኖራ የፊት ጥርሷን ክሩ ሞርዶታል። እሱን ልሞላላት ነው።»

ወደ መስታወት ሮጥኩ። ጥርሴ ላይ ባለችው ስርጉድ ክር ባስገባ ልክክ አለ። እኔ እኮ አብሮኝ የተወለደ ይመስለኝ ነበር።

አሁን በጥርስ መበጠስ ከልክላኛለች። ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ ይባረክ፣ ሲመችህ ስለት ያለው ትንሽ መቀስ ላክልኝ። እህትህ ለትምህርት የምትለብሰውን ነጭ ጋውን ግን በጥርሴ ነው የጨረስኩት፤ እንዳትነግርብኝ።

እናትህ