ወይዘሮ ብዬ የምጠራዎት ለመጨረሻ ጊዜ

ውድ ወይዘሮ ቴርብላንሽ፣

«ወይዘሮ» ብዬ ስጽፍልዎት ይህ የመጨረሻዬ ነው። እባክዎ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። መቼም የጀመሩትን ነገር ሳይጨርሱ ሲተዉ አይቼዎት አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅዎ ራሊ፣ እርስዎ ካረፉበት ከዉስተር ከተማ ቤቷ፣ የስፌት መኪናዎን ልትወስድ መጥታ ነበር። እዚያው ዉስተር ባለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል ተገኝቷል፣ በወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ አለችኝ። ልጅዎ ሎረንስ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ቤት የወጡት ራስዎ ስለሆኑ እኔም ኩራት ያዘኝና ይመለሱ አላልኳትም። መኪናውን አብሬያት ተሸክሜ እስከ በረንዳው ሸኘኋት፤ «ለወይዘሮ ሰላምታ አድርሺልኝ» አልኳት። ያኔ መኪናውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወይዘሮ! ከባንክ ቤት ሰው ጋር ነው እንዴ የምታወሪው? እማ እኮ የሄደችው በዚህ ነው። ወንድሜ ካለፈ በኋላ የባዕድ ሴት ቤት ውስጥ እንግዳ ሆንኩ ነው ያለችኝ።»

«እሳቸው መቼ ፈቀዱልኝ?»

«ምኑን ነው የምትፈቅደው?» አለች ራሊ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ያልነገርኩዎትን ሁሉ ለእሷ ነገርኳት።

እኔ ባደግሁበት፣ በቼክ አገር በሞራቪያ፣ በታላቅና በታናሽ መካከል ያለውን በር የሚከፍተው ታላቁ ብቻ ነው። አማት አንድ ቀን ምራቷን ታስቀምጥና በትንሽ ብርጭቆ አረቄ ትቀዳላታለች፤ እጇን ዘርግታ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በዪኝ» ትላታለች። እስከዚያ ምራት ትጠብቃለች። ሳይፈቀድላት የደፈረች ስድ ትባላለች። እናቴ ሁለት ልጅ እስክትወልድ ድረስ ጠብቃለች፤ የተፈቀደላትን ቀን ስታስታውስ ከሠርጓ ቀን ይልቅ ለዚያ ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር። እኔም የእርስዎን እጅ ስጠብቅ ኖርኩ።

ሎረንስማ ነግሮኝ ነበር። «እማ በያት፣ አለቀ» ይለኝ ነበር፤ «የእናትህን በር አንተ ልትከፍትልኝ አትችልም» እለው ነበር። ዓይን አፋርነት መስሎት ይስቅብኛል። ሁሉም ነገር በጊዜው ይበስላል ብሎ የሚያምን ሰው እንደነበር ያውቁታል፤ ጊዜው ግን ለእሱ አልበቃም።

የቼክ ቋንቋ ከባድ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው። ስም ሁሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ቦታው ጭራውን ይቀያይራል፤ ሎረንስ እናቴን «ደህና አደሩ» ከማለት አልፎ አያውቅም። የእናንተን አፍሪካንስን ግን በአንድ ክረምት ለመድኩት። እኔም ብሄድ፣ እርስዎም ቢሄዱ፣ በጎቹም ቢሄዱ፣ ግሱ ያው ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ቀላል ነው ብዬ ናቅሁት። በእኛ ቋንቋ አክብሮት በግሱ ጭራ ተሸሽጎ ያልፋል፤ ማንንም አይወጋም። እናንተ ዘንድ ግን ታላቅን «አንቺ» ማለት ነውር ስለሆነ መጠሪያው ራሱ ይደጋገማል። ራሊ ፊት ለፊትዎ ሆና «እማ ሻይዋን ጠጣች? የእማ እግር ዛሬ እንዴት ዋለ?» ስትል፣ እኔ «ወይዘሮ ሻይዋን ጠጣች? የወይዘሮ እግር እንዴት ዋለ?» እል ነበር። በየዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ስመታዎት፣ እኔ ያከበርኩዎት ይመስለኝ ነበር።

ሊጥ በፕሪም ፍሬ ሞልቼ የቀቀልኩበትን ቀን ያስታውሳሉ? «ይሄ ዳቦ ምድጃ አጥቶ ነው ውኃ ውስጥ የገባው?» ብለው ሳቁብኝ፣ ግን አራት በሉ። ድሮ የገዙን ጌቶች የሁለታችንንም ቋንቋ እንደናቁት ነገርኩዎት፤ የእኛን የገረድ፣ የእናንተን የወጥ ቤት ቋንቋ ይሉት እንደነበር። እጅዎን ከዱቄቱ አነሱና እንዲህ አሉ፦ «ታዲያ ጌቶቹ ምን ሊበሉ ኖሯል? ሁሉም ነገር የሚበስለው ወጥ ቤት ነው።» ከዚያ በጡጦ የሚያሳድጓትን፣ እናቷ የሞተችባትን ግልገል በዚያ በሚያሳንሰው፣ በሚያቆላምጠው አጠራር ጠሯት። እኛም የምንወደውን ሁሉ እንደዚያ እናሳንሰዋለን ስልዎት እጅዎን በሽርጥዎ ጠረጉና ትክ ብለው አዩኝ። አሁን እጇን ትዘረጋልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እርስዎም አንድ ነገር እየጠበቁ ነበር። ውጭ ውሻው ጮኸ፣ እርስዎም ሊያዩ ወጡ።

በቀብሩ ዕለት ደግሞ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሴቶቹ ሻይ ሲያዞሩ፣ «ወይዘሮ ቴርብላንሽ ደክሟታል፣ ወንበር ስጧት» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየትዎ የኀዘን መስሎኝ ነበር።

«እማ ይህን ብታውቅ አትሄድም ነበር፤ ግን እማ በዪኝ ብላ አትለምንም» አለችኝ ራሊ። እኔም አልለምንም ብዬ ነበር። ሁለት ኩሩ ሴቶች ሎረንስን መሃል አስቀምጠን ስንጠባበቅ ኖረን፣ እሱ ሲሄድ መሃሉ ባዶ ቀረ። ይናፍቁኛል። ይህንን በሁለቱም ቋንቋ መናገር እችል ነበር፤ በአንዱም አልነገርኩዎትም።

አሁን ፈቃድ አልጠብቅም። በእናንተ ደንብ የምትጀምረው ታናሿ ናት።

እማ። እማ ከዉስተር ትመለስ። የእማ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ራሊ የእማን የስፌት መኪና መልሳ መስኮቱ ሥር አስቀምጣው ሄዳለች። እማ የምታደርቀውን ብስኩት ልሞክር ብዬ ሁለቴ አሳረርኩት፤ ውሻው እንኳ አልበላልኝም። እማ ለዚያ መኖሪያ ሰዎች አልፈልግም ብላ ትንገራቸው፤ ራሊ ሐሙስ መኪናዋን እየነዳች እማን ይዛልኝ ትመጣለች።

የእኛም ደንብ እንዳይቀር፣ አባቴ የላከልኝን የፕሪም አረቄ ከቁም ሣጥኑ አውጥቻለሁ። ሁለቱን ትናንሽ ብርጭቆዎች አጥቤ ጠረጴዛው ላይ ደፍቻቸዋለሁ። መቅዳቱ የእማ ነው።

የእማ ልጅ፣
ይርዢና