እንደ እንሰት የተቀበረ አበባ

ረቡዕ
አበባ እንሰት አይደለም አልኩት። አባዬ ሳቀ። ባለፈው ሳምንት ላምህ መናኸሪያ ገብታ የዱራሜ ትኬት ቆረጠች ብዬ አስሩጬዋለሁ፤ አሁን ቁም ነገር ሳወራ ማን ይስማኝ።

እማዬ ካረፈች ይሄ የመጀመሪያው በልግ ነው። ቀዩ አበባዋ አብቦ ረገፈ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። ሥሩ ልክ ሽንኩርት ነው። እሷ ክረምቱ ሳያበሰብሰው ታወጣዋለች፣ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች፣ ዝናቡ ሲያባራ መልሳ ትተክለዋለች። እኔ ቅርጫት ያዥ ነበርኩ፣ እውቀቴ እሱ ብቻ ነው።

አባዬ ግን እንደ እንሰት ሊያባዛው ተነስቷል። ሥሩን ለሁለት ይሰነጥቃል፣ መሃሉ ያለውን የቡቃያ ልብ ያወጣል፣ ፍግ ይጠቀጥቃል፣ ይቀብራል። እንሰት እንደዚያ ሲደረግ ችግኙ መዓት ነው።

«መቃብሯን ዙሪያውን ልሙላላት» ይላል።

ሐሙስ
እህቴ ሀደሮ ከተማ ታስተምራለች፤ ደወልኩላት። ልቡ ከወጣ አለቀለት አለች። ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። አንቺ እንሰት ተክለሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። መልሷን ሳይጠብቅ ስልኩን መለሰልኝ።

ያሰብኩት፦ ቢላዋውን መደበቅ (ሌላ አለው)። መታመም (አያምነኝም)። ፓስተሩ እንዲመክሩት መለመን (ባለፈው ጫማቸውን ደብቄባቸው በካልሲ ሰብከዋል፣ አይሆንም)።

ዓርብ
ተደረገ።

ዱካው ላይ ተቀምጦ ሰነጠቀ፣ እኔ አቀባይ። የመጨረሻዋን የአበባ ሥር ኪሴ ከትቼ በምትኳ የወጥ ሽንኩርት አቀበልኩት። ሲሰነጥቀው ሽታው ወጣ። ለሩጫ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን እንባው እየወረደ ልቡን አወጣ፣ ፍጉን ሞላ።

«ይቺኛዋ ትለበልባለች» አለኝ።

ልስቅ ነበር። ግን ከዚያ በፊት ሌሎቹን ሲቆርጥም ዓይኑ እርጥብ ነበር። አፌን ያዝኩ።

እሑድ
ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። አባዬ ከቸርች እንደተመለሰ ኮቱን ሳያወልቅ መቃብሯ ዙሪያ የቀበራቸውን ሊያይ ሄደ። እንሰትም ቶሎ አይበቅልም አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ኪሴ ያለችውን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ምሳ ቀርቧል አልኩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ
ጠዋት አንዱን ቆፍሮ አወጣ። እጁ ላይ ቀለጠ። ሌላውንም አየ፣ ሌላውንም። ሁሉም ገንፎ ሆኗል፣ ይሸታል። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አባቴን መሬት ላይ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም፤ እማዬን የቀበርን ቀን እንኳ ቆሞ ነበር።

የደበቅኳትን አወጣሁ። የሚቆጣ መስሎኝ ራቅ ብዬ ነው የሰጠሁት። አገላብጦ አገላብጦ አያት።

«አንዷ ምን ትሞላለች?»

ጎኗ ላይ ልጅ ታወጣለች፣ ቀስ እያለች ነው እንጂ አልኩት።

«ስንት ዓመት?»

አባዬ ሽማግሌ ነው። አምስት አልኩ፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋቸው። ጭቃውን ከሱሪው ሳያራግፍ ቤት ገባና ዝናቡ እስኪያባራ አልጋው ሥር አስቀመጣት። ደረቅ ቦታ ነው። ይመስለኛል።