የሁለት ዓመት ናሙና

ለናፈቅሽኝ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ባልሽስ አሁንም ሲስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል? እኔ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ጨርቄን እሸጣለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ባለፈው «እኔ ደንበኛሽ ነኝ ወይ፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ የምታሳዪኝ?» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነትሽን ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን እንኳ የነገርኩሽ ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የማክሰኞውን ከማስታወሻ ደብተሬ እንዳለ ልገልብጥልሽ።

«ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጡቴ ካወጡት ዕጢ ላቦራቶሪው ቁራጭ አስቀምጦ ኖሯል። አሁን እንደገና መርምረውት አንድ ፕሮቲን በዝቶ ተገኘ። ዶክተሯ እንዳለችው፣ ይህ የበዛባቸው ሴቶች ካንሰሩ ወደ አጥንት የመሄድ ዕድሉ ከሌሎቹ ከፍ ይልባቸዋል።»

ነገሩን ለመረዳት አልከበደኝም፤ የኔም ሥራ ይኸው ነው። ጣቃውን ሳልፈታ፣ ከጫፉ በቆረጥኳት ናሙና ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እናገራለሁ። ከመቶ ስንት እንደሚሆን ጠየቅኳት። ሠላሳ ገደማ አለችኝ። አፌ ለምዶበት «ሃያ አድርጊው» አልላት መሰለሽ! እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ «እትዬ፣ እዚህ ቤት ዋጋ ቁርጥ ነው» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ የሚያምዎት ቦታ አለ ወይ አለችኝ። ዳሌዬን፣ ጣቃ ሳነሳ ተቀጭቼ ነው አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ስትለኝ ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩ። ከአራት ወር በፊት «ዳሌዬን አመመኝ» ይላል። በማግስቱም። ከዚያ ወዲህ በየገጹ ማለት ይቻላል። ጣቃ አነሳሁ የሚል ግን አንድም ቀን የለም። ዶክተሯ ገጾቹን አይታ የአጥንት ምርመራ አዘዘችልኝ።

ምርመራውን ዓርብ ጨረስኩ፣ ውጤቱም በእጄ ነው። እሱን በደብዳቤ አልጽፍልሽም፤ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታነቢዋለሽ። ሕክምናውን ጀምሬያለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ፣ የፈለግኩትን ዕቃ እንደማልፈልገው እየነካካሁ ነው የገዛሁት። አንቺንም እንደዚያው ያዝኩሽ። ልጆቹ ይደጉ፣ ሥራሽ ይርጋ፣ ምን አስቸኮለሽ እያልኩ ሳንተያይ ሰባት ዓመት ሆነን። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ሱቅ ገብታ፣ እንዳንቺ ጨርቁን ጉንጯ ላይ እያስነካች ስትመርጥ፣ ምን ልስጥሽ ማለቱ ጠፍቶኝ ቁጭ ብዬ አየኋት። ሳትገዛ ወጣች። ትንሽ ብትቆይ ደስ ባለኝ።

ነይልኝ። ልጆቹን ለአባታቸው ተዪና ነይ።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ የተውሽውን ቤት በሰላም ይጠብቅልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። በር ስታንኳኪ ቶሎ ካልከፈትኩልሽ፣ የለችም ብለሽ እንዳትመለሺ። ታገሺኝ፣ እየመጣሁ ነው።

ታላቅ እህትሽ