የቆርቆሮው አድራሻ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ታቃስታለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? መንታዎቹስ? የፊት ጥርሳቸው ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለ? አማትህ ደረጃው አልከበዳቸውም? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቆጣሉ። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ ግን በአንተ ከአንጀቴ ተናድጃለሁ። ያልደወልኩልህ፣ ነገር ሲከርር "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" እያልክ ስለምትዘጋው ነው። ወረቀት ኔትወርክ አያጣም። ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ ነገ ወደ እናንተ ስለምትበር በእጇ ልኬዋለሁ፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳትነሳም ነግሬያታለሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ደውለህ፣ የአባባን ዌብሳይት ከአንተው ጋር እንደቀላቀልከው፣ በድሮው አድራሻ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀጥታ ወደ አዲሱ እንደሚመጣ፣ አድራሻው ራሱ በወሩ መጨረሻ ጊዜው እንደሚያበቃና እንደማታድሰው ነገርከኝ። ቀላቀልኩት አልክ እንጂ እንቀላቅለው ወይ አላልክም። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለህ ተረትክብኝ። ተረት ከሆነ እኔም አላጣም፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።

እውነትህን የሆነውን አልክድም። ሁለቱ ዌብሳይቶች ከመንታዎችህ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። ያው የስፌት መኪና መለዋወጫ፣ ያው ፎቶ ነው። ዕቃውን ይዤ ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ፣ በአንተ ገጽ ላይ ሳይቀር በየፎቶው ጥግ የእኔ አውራ ጣት ተገትሯል። ባለፈው ወር አንድ የቀረ ፔዳል በሁለቱም በኩል ለሁለት ሰው ሸጠን አፍረናል። ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልገን አንዱ ሌላውን እየገፋ ሁለቱም ከሥር ይቀራሉ። ይህን ሁሉ አንተ ሳትነግረኝ በዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። የተናደድኩት ስላልገባኝ አይደለም።

የተናደድኩት አንተ ስላልገባህ ነው። የአንተ ሰዎች የፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ የዕቃ ቁጥር ይዘው መጥተው፣ አዝዘው ይሄዳሉ። የአባባ ሰዎች ቁጥር አያውቁም። "ክር ትበጥስብኛለች"፣ "ጨርቄን ታኝካለች"፣ "እንደ ፍየል ትዘላለች" ብለው ይጽፋሉ፤ አባባ ሁለት ጥያቄ ጠይቀው የሚያስፈልገውን ዕቃ ያውቁታል። ያንን የጥያቄ ገጽ ነው ለአዲሱ አይመጥንም ብለህ የጣልከው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ቶሎ መጣች። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋዋን፣ ቶሎ በሉ ሳትል ሰላም የማትለውን ታስታውሳታለህ። መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ታቅፋ ነው የደረሰችው። መኪናዋ ስፌት መዝለል ስትጀምርባት እንደ ልማዷ ገለበጠቻት፤ አባባ መኪናዋ ከምትቀመጥበት እንጨት ሥር በምስማር የመቱትን ቆርቆሮ አይታ፣ የተጻፈበትን የዌብሳይት አድራሻ ስልኳ ላይ ጻፈች። የአንተ ገጽ ተከፈተና የዕቃውን ቁጥር አስገቢ አላት። ግራ ገብቷት ፎቶዎቹን ስታይ አውራ ጣቴን አወቀችው። "ያንቺ ጣት ስለሆነ አመንኩ" አለችኝ። የእሷን የሚመስለውን ክር መያዣ መንጠቆ አዘዘች፤ የፋብሪካ መኪና መንጠቆ ነበር። አሽጌ የላክሁትም እኔው ነኝ፤ ትእዛዙ በአንተ በኩል ስለመጣ ለፋብሪካ መስሎኝ። በግድ ስታስገባው የመርፌው ዘንግ ተጣመመ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ስልሳ ልጅ ዩኒፎርሙን ይጠብቃል።

በሩ ላይ ቆማ "አንቺ፣ አባትሽን የት ደበቃችኋቸው?" ብላ ጮኸችብኝ። ምን ሆንሽ ብላት፣ "ድሮ ስጠይቅ እሳቸው ነበሩ የሚመልሱልኝ። አሁን ቁጥር፣ ቁጥር ይለኛል። እኔ እስረኛ ነኝ ቁጥር የሚኖረኝ?" አለች። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩትና አባባ ከጓሮ ሳይመጡ ስለ ገጹ እንዳትነግራቸው ለመንኳት።

ይልቅ ያንገበገበኝን ልንገርህ። አባባ በየማለዳው መነጽራቸውን ጠርገው የጥያቄ ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ ባዶ ነው። በማስታወሻዬ ላይ አሥር ቀን ሙሉ "ዛሬም የለም" ብዬ ጽፌያለሁ። ረቡዕ ዕለት "ሰው መስፋት አቆመ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ልጅዎ ዘጋው በማለት ፈንታ ወቅቱ ነው አልኳቸው። ለአንተ ስል አባቴን ዋሸሁ። ይህን በቀላሉ አልተውልህም።

አሁን የወሰንኩትን ስማ። ዕቃው አንድ ስለሆነ የዕቃ መዝገቡ አንድ ይሁን፤ አንዱ ጋ ሲሸጥ ሌላው ጋ ይቀነስ። በዚህ ልክ ነህ። በሩ ግን ሁለት ነው። የፋብሪካው ዕቃ ከአባባ ገጽ፣ የቤት መኪናው ዕቃ ከአንተ ገጽ ይውጣ፤ ያኔ አይገፋፉም። ለተሳሳተ ሰው ከሥር "በዚያኛው በር ግባ" ብለህ ጻፍለት። የጥያቄው ገጽ እስከነመልሶቹ ይመለስ። አድራሻው በእኔ ስም ይታደስ። የፋብሪካውን ዕቃ ፎቶ እንደገና ያለ ጣት አነሳልሃለሁ፤ ሰው ጣቴን ሲያይ አባባ አሉ ብሎ ነው የሚያምነው። የዌብሳይቱ ቁልፍ አንተ ጋ ነው፣ የመጋዘኑ ግን እኔ ጋ። የአባባን ገጽ እስክትከፍት ድረስ ለፋብሪካ አንዲት ብሎን ከዚህ አትወጣም።

አድራሻ ምንድን ነው፣ ይቀየራል ትለኝ ይሆናል። ያንን አድራሻ ቆርቆሮ ላይ በነጥብ በነጥብ የወቀሩት አባባ ናቸው፤ ቆርቆሮውን በመቀስ የቆረጥከው ደግሞ አንተ ነህ፤ የግራ ጣትህ ጠባሳ ምስክር ነው። ከሁለት ሺህ በላይ መኪና ሥር ተመትቷል። በየሰዉ ቤት ከጠረጴዛ ሥር እየገባህ ልትነቅል ነው?

ሐሙስ ዕለት አባባ ዘንጉን አቃኑላት፤ ትክክለኛውን መንጠቆ ከድሮ ሣጥናቸው ፈልገው ገጠሙላት። ከዚያ መኪናዋን ሲገለብጡ ቆርቆሮው ዝጎ አዩት። አዲስ አውጥተው፣ ምስማሩን ይዘው፣ መዶሻውን እንዳነሱ ወደ እኔ ዞሩና አድራሻው ያው ነው አይደል አሉኝ። እትዬ ቶሎ "ኧረ ቶሎ ይምቱት፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው!" ትላለች። ያው ነው አልኳቸው። መቱት። ሁለተኛ ውሸት እንዳይሆንብኝ አሁን በእጅህ ነው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን፣ አማትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ወንበሩን ከፍ አድርገው፣ ወገብህን ይሻልሃል ብለዋል። ያደረግከውን አያውቁም፤ እንዲያውቁም አልፈልግም። ነገ ማለዳም መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ታላቅ እህትህ

ከሱቁ፣ ከመለዋወጫው መደርደሪያ ሥር
ነሐሴ 21 ቀን