ማኅበሩ ተቋቋመ፣ ቤቱ የአባዬ ነው

ለታላቅ ወንድሜ ለአዩብ ዑመር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የወደቡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ኢዲልና ትንሹ ልጃችሁ ሰማታር የጅቡቲን ሙቀት እንዴት ቻሉት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። የእማዬ ጉልበት ቀለል ብሎላታል፤ አባዬም የቀትር እንቅልፉን እንደገና መተኛት ጀምሯል። እንቅልፉን ምን ወሰደበት፣ ምንስ መለሰለት ካልከኝ እነግርሃለሁ፣ ታገሠኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ ገና ሃሎ ከማለቴ ስለምትቆጣ ነው። ባለፈው የአባታችንን ቤት ለንግድሽ ካስያዝሽ እህቴ አይደለሽም ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አልተቀየምኩህም። አባዬ ለወዳጁ የጭነት መኪና ብድር ዋስ ሆኖ ሰውየው የገባበት ሲጠፋ፣ ትምህርትህን ጥለህ ወደ ጅቡቲ ባቡር የተሳፈርከው ሠርተህ ዕዳውን ከፍለህ ያን ቤት ከሐራጅ ለማውጣት ነው። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፦ ቤቱ አልተነካም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሸዋገነት፣ ያቺ የጎረቤታችን የጋሽ ካሣ ልጅ፣ በቤታችን ጓሮ ክፍሎች የምንሰፋውን የሥራ ቱታ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ አንድ ፋብሪካ ወደደው። ግን ከግለሰብ አንገዛም፣ ድርጅት ሆናችሁ ኑ አሉን። በአዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም ማቋቋም ይችላል፤ እኔ ግን ያለ ሸዋገነት ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም። ሁለት ሆነን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ተስማማን። እንዲህ ያለው ማኅበር በሕግ ፊት ራሱን እንደቻለ ሰው ይቆጠራል። ቢከስር ባለዕዳው እሱ ነው፤ እኛ የምናጣው ያዋጣነውን ብቻ ነው። እኔም የመረጥኩት ለቤቱ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ንግድ ቢሮ ሄደን ስም ልናስይዝ ስንል፣ የምንወደው ስም ሁሉ ቀድሞ ተይዟል። በመጨረሻ ሸዋገነት የእማዬን ስም አመጣችና «ቱሪያ የልብስ ስፌት» አለፈልን። እማዬ ስትሰማ፣ አቦ በስተርጅና ግብር ከፋይ ልታደርጉኝ ነው እንዴ አለች። ለሰፈሩ ሁሉ ያወራችው ግን እሷው ናት።

ጣጣው የመጣው ከመመሥረቻ ጽሑፉ ነው። የጻፈልን ጉዳይ አስፈጻሚ ካፒታላችን ያነሰ መስሎት፣ ሳይነግረን አባዬን ሦስተኛ አባል፣ ቤቱን ደግሞ የአባዬ መዋጮ አድርጎ አስገባው። ካፒታላችሁ ሲተልቅ ፋብሪካው ያከብራችኋል ባይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እኛም ሳናነብ ይዘነው ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ሄድን። አባዬ አብሮን የመጣው ክፍሎቹን ለማኅበሩ የሚያከራይበትን ውል ሊፈርም ነበር። ሰነድ የምታረጋግጠው ሴት ከማስፈረሟ በፊት ጮክ ብላ አነበበችና፣ አባት፣ ቤትዎን ለማኅበሩ መስጠትዎን ያውቃሉ አለችው።

አዩቤ፣ ያን ፊት ባለማየትህ እድለኛ ነህ። የሐራጁ ማስታወቂያ በራችን ላይ ሲለጠፍ የነበረው ፊት ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወጥቶ ባጃጅ ያዘ። ተከትዬው ቤት ስደርስ የቤቱን ካርታ ታቅፎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አንቺም? አለኝ። አለቀስኩ፣ ማልኩ፣ አልሰማኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀትር ጋደም ማለቱን ትቶ በሩን ይጠብቅ ጀመር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ሳላውቅ እውነተኛውን እባብ ነበር ይዤበት የሄድኩት።

ጽሑፉን ቀድደን እንደ አዲስ አስጻፍን። አባላቱ እኔና ሸዋገነት ብቻ፣ መዋጮው የስፌት መኪናዎቻችንና ባንክ ያስገባነው ገንዘብ፣ ቤቱ የአባዬ፣ ማኅበሩ ተከራይ። እኔን ሊሰማኝ ስላልፈለገ ያነበበችለት ሸዋገነት ናት። የሕጉ አማርኛ ሲከብደው በኦሮምኛ እየፈታች፣ የቤቱ ጉዳይ ያለበትን ደጋግማ አሰማችው። ሲጨርሱ፣ ድርጅታችሁ ቢወድቅ የእኔን በር የሚያንኳኳ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። መኪናዎቻችንን ይወስዱብናል እንጂ እርስዎን የሚጠይቅ የለም፣ ዋስ ካልሆኑ ወይም ቤቱን ካላስያዙ በቀር አለችው። ዋስማ ወላሂ ከእንግዲህ ለገዛ ጥላዬም አልሆንም ብሎ ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ልቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ከሁላችንም ቀድሞ ለብሶ ጠበቀን። የኪራይ ውሉን ፈረመ፣ እኛም መመሥረቻውን ፈረምን። ከዚያ በኋላ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም፣ የንግድ ምዝገባውም፣ ፈቃዱም በወረፋና በፀሐይ አለቀ። ፈቃዱ አሁን ከስፌት መኪናዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ፋብሪካውም የመጀመሪያዎቹን ቱታዎች ተረክቧል። እፎይ ብያለሁ ወንድሜ። አንተም እፎይ በል፤ የላብህ ቤት ባለበት አለ።

እማዬ የሰማታርን ግንባር ሳምልኝ፣ ለኢዲልም ሰላምታዬን አድርስልኝ ብላለች። ሸዋገነት እጅ ነስታለች። ጋሽ ካሣ ባቡሩን እያየ ስምህን ያነሣል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሹፌሩ ቢሌ ነው፤ ሳያርፍ እንዳትመልሰው።

አባዬ ደግሞ፣ የሐራጁ ወረቀት የተለጠፈበትን የውጭ በር ታስታውሳለህ? ነገ የሰው ለሚሆን በር ቀለም አላባክንም እያለ ያን ሁሉ ዓመት የሙጫውን ምልክት እንኳ ሳይነካው ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ፍቆ አረንጓዴ ቀባው። ይኸው አሁን ብሩሹን ይዞ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ለአዩብ ከሆነ የምትጽፊው የእሱን ክፍል በር በምን ቀለም ልቀባው፣ ጠይቂልኝ ይለኛል። መልስህን በቢሌ ላክ፤ የቀለም ቆርቆሮውን ከፍቶ እየጠበቀህ ነው።

እህትህ ፊርዶስ ዑመር
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.